ጌታው ይፈራል፦ ረጅም ልብ ወለድን በሰፈር፣ በዝግታ፣ ጮክ ብሎ ስለማንበብ

«ጌታው ይፈራል።» ይህቺን ዓረፍተ ነገር በዓይናችሁ ብቻ አንብቧት። ምንም አልጎደላትም፤ ዓይን ሳይደናቀፍ ያልፋታል። አሁን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቧት። ምላስ መወሰን ግድ ይሆንበታል። «ፈ» ከላላች ጌታው ፈሪ ነው፤ ከጠበቀች ሰው የሚፈራው ጌታ ነው። ፊደላችን ሁለቱንም በአንድ መልክ ይጽፋቸዋል። ረጅምና ከባድ ልብ ወለድ በእንዲህ ያሉ ትናንሽ ውሳኔዎች የተሞላ ነው፤ ብቻውን የሚያነብ ሰው ብዙዎቹን ሳይወስን ያልፋል። ስምንት ሰው ተቀምጦ አንዱ ሲያነብ ግን አንዷም አትታለፍም። አንባቢው አላልቶ ቢያልፋት ከጎኑ ያለው «ቆይ፣ ይጠብቃል» ይለዋል፤ «ለምን ይጠብቃል?» የሚል ሌላ ይነሣል፤ እዚያች ላይ ልብ ወለዱ ይከፈታል።

ከዚህ በታች ስለ ቦታ፣ ስለ ቀን፣ ስለ ገጽ ብዛት፣ ስለ ቡና የምጽፈው ሁሉ የቆመው ለአንድ ነገር ነው፤ በሳምንት 20 ደቂቃ የምትሆነው የጋራ ንባብ እንዳትሰረቅ። ቡድኖች የሚፈርሱት ብዙ ጊዜ መጽሐፉ ስለከበደ አይደለም። ይህቺ 20 ደቂቃ በወሬ፣ በመዘግየት፣ በስልክ ተበልታ ስታልቅ ነው።

ከቦታው ልጀምር። የመጽሐፍ ምረቃውም፣ ውይይቱም፣ ትልልቁ ቤተ መጻሕፍትም መሀል ከተማ ነው። ከኮዬ ፈጬ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ ወይም ከቦሌ አራብሳ ተነሥቶ አራት ኪሎ ደርሶ ለሚመለስ ሰው መንገዱ ከውይይቱ ይረዝማል። አንዴ ይሄዳል፣ ሁለቴ ይሄዳል፣ ሦስተኛው ላይ ይቀራል። ሰባት ወር ለሚፈጅ ንባብ ይህ አያዛልቅም። ስለዚህ የከተማው ዳር ነዋሪ ቡድኑን እዚያው ዳር ያቋቁም። መለኪያው አንድ ነው፤ አባል የሚሆን ሁሉ በእግሩ በ20 ደቂቃ መድረስ ይችል። ታክሲ ሰልፍ ውስጥ የገባ ሰው መቼ እንደሚደርስ ራሱም አያውቅም፤ ንባብ መሀል በር ሲንኳኳ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ከሁለት ይቆረጣል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ የብሎኩ የጋራ መገልገያ ቤት ሰፊና ነፃ ስለሆነ ያጓጓል። ለለቅሶና ለሰርግ ይሁን፤ ለንባብ ግን አይመችም። ግድግዳውና ወለሉ ባዶ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል፤ የቃል መጨረሻ ይዋጣል፤ አማርኛ ደግሞ ነገሩን ሁሉ የሚያስረው መጨረሻ ላይ ነው። ሶፋ፣ መጋረጃና ምንጣፍ ያለው የአንድ ሰው ሳሎን በብዙ ይበልጣል። ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ግቢ ውስጥ የምትሰበሰቡ ከሆነ ኮርኒስ ያለውን ክፍል ምረጡ። ያለ ኮርኒስ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ አንባቢው ቢጮህም ሦስተኛው ወንበር ላይ አይሰማም። አንባቢው ጀርባውን ለመስኮት ሰጥቶ ይቀመጥ፤ ብርሃኑ ገጹ ላይ ይወድቅለታል፣ መብራት ቢጠፋም ማንም አይነሣም።

ሰዓቱ እሑድ ከ9 እስከ 11 ቢሆን ይመረጣል። ቅዳሴም አምልኮም አልቆ፣ ምሳ ተበልቶ ሰው ቤቱ ያለበት ሰዓት ነው፤ 11 ላይ ሲበተንም ገና አልመሸም። ዐስር ሶላት በዚሁ መሀል ስለሚገባ እረፍቱን እዚያ ላይ አድርጉት። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደኋላ ስለሚመጣ መርሐ ግብር ስታወጡ የዘንድሮው የት እንደሚወድቅ አስቀድማችሁ እዩ፤ በጾም ወር ስብሰባውን በአንድ ሰዓት ማስቀደም ለሚያፈጥረው ሰው ትልቅ እፎይታ ነው።

የሰው ብዛት ከሰባት እስከ ዘጠኝ። አምስት ሲሆን ሁለት ሰው የቀረ ዕለት ጨዋታው ይሞታል። አሥራ ሁለት ሲሆን ደግሞ ለውይይት ያላችሁ አንድ ሰዓት ለሰው አምስት አምስት ደቂቃ ይደርሳል፤ ያ ለመናገር እንጂ ለመመላለስ አይበቃም። ስምንት ከሆናችሁ ሁለት ሰው ቢቀርም ስድስት ይቀራል።

አሁን ሒሳቡ። ክረምቱ ካለፈ፣ መስቀልም ከወጣ በኋላ ጀምሩ። ከጥቅምት 1 እስከ ሚያዝያ 30 ሰባት ወር ነው፤ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ 210 ቀን፣ ማለትም ልክ 30 ሳምንት። ከዚህ ላይ ለገና፣ ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለአንድ የማይቀር ሰርግ ወይም ለቅሶ አራት ሳምንት አንሡ። ሁለት ሳምንት ደግሞ ለመጠባበቂያ ይቀመጥ። 24 ቀረ። 520 ገጽ ያለው መጽሐፍ ለ24 ሲካፈል በሳምንት 22 ገጽ ገደማ ይሆናል። ያ ለቤት ንባብ በቀን አራት ገጽ አይሞላም፤ ሥራና ልጅ ያለው ሰው ይችለዋል። ጮክ ብሎ በቅጡ ለሚያነብ ግን አንድ ገጽ ከ2 ደቂቃ ተኩል እስከ 3 ደቂቃ ይወስዳል፤ 22ቱን ሁሉ በጋራ እናንብብ ብትሉ ከ55 እስከ 66 ደቂቃ ንባብ ብቻ ነው፤ ጆሮ ያን ያህል አይቆይም። ስለዚህ ሁሉም 22ቱን ቤቱ ያነባል፤ ሲገናኙ ሰባት ገጽ ብቻ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ሰባት በሦስት፣ 21 ደቂቃ።

ሰባቱን ገጽ የሚመርጠው የሳምንቱ ተረኛ ነው። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስሕተት አለ፤ ተረኛው የጣመውን ቦታ ይመርጣል። የጣመው ቦታማ ለብቻ ሲነበብም ይጥማል። መመረጥ ያለበት የከበደው ነው፤ ሰው ቤቱ ዘልሎት የመጣው፣ ገለጻው የረዘመበት፣ ማን ለማን እንደተናገረ የጠፋበት። ተረኛው ምርጫውን ዓርብ ማታ በቴሌግራም ያሳውቅ፤ የገጽ ቁጥር ሳይሆን የምዕራፉን ቁጥርና የአንቀጹን የመጀመሪያ አራት ቃላት ይጻፍ። ምክንያቱም የአንድ ልብ ወለድ የተለያየ ዘመን ኅትመት ገጹ አይገጥምም። አንዱ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛው፣ ሌላው ከአከራይ ያመጣው፣ ሦስተኛው በስልኩ የጫነው ቅጂ አንድ ላይ ሲመጡ «ገጽ 140» ማለት ለሦስቱም ሦስት ቦታ ነው።

ስለ ቅጂዎች ትንሽ ልቆይ፤ ጣጣው ብዙ ነውና። ፎቶ ኮፒ ሲደረግ የገጹ ውስጠኛ ጠርዝ ይዋጣል፤ በየመስመሩ አንድ ሁለት ፊደል ይጎድላል፣ አንባቢውም እየገመተ ይሞላል። በችኮላ እንደገና የተለቀመ ጽሑፍ ላይ ደግሞ «ቸ» እና «ች»፣ «በ» እና «ብ» ይቀያየራሉ፤ ንባቡን ያዛባሉ። ከስምንቱ ቢያንስ ሁለት ሰው ጥሩ ኅትመት ይኑረው፤ ክርክር ሲነሣ ዳኛው እሱ ነው። የተከራየ መጽሐፍ ላይ አይጻፍም፤ አንድ የደብተር ገጽ ስምንት ቦታ ቁረጡና በየገጹ መሀል ሸጉጡ። በራሳችሁ መጽሐፍ ላይ ግን በእርሳስ ሦስት ዓይነት ምልክት ብቻ ይበቃል፤ ያልገባ ቃል ይከበባል፣ ያልገባ ዓረፍተ ነገር ጎን መስመር ይሰመራል፣ የማትስማሙበት ላይ የጥያቄ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ የበዛ ምልክት ሲመለሱ አይነበብም።

የመጥበቅና የመላላትን ነገር ከተጨነቁበት ደራሲዎች አንዱ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ የሚጠብቁትን ፊደላት በላያቸው ነጥብ አድርገውባቸዋል። ልማዱ ከዚያ በኋላ በሌሎች ዘንድ አልተስፋፋም፤ ለጋራ ንባብ ግን ከዚህ የተሻለ ስጦታ የለም። ነጥቦቹ ያሉበት ቅጂ ከተገኘ አንባቢው ይጠቀምበት። ፎቶ ኮፒ ላይ ግን ጥንቃቄ፤ ነጥቡ ከወረቀቱ ጉድፍ አይለይም፣ ስስ ከሆነም ይጠፋል። ነጥብ የሌለበት ሌላ መጽሐፍ የምታነቡ ከሆነ ተረኛው ሰባቱን ገጽ ቤቱ ሲለማመድ አጠራጣሪዎቹ ላይ በእርሳስ ነጥብ ያድርግ። የሚያስቸግሩት በአብዛኛው የታወቁ ናቸው፤ «አለ» (ተናገረ ወይስ ይገኛል)፣ «ዋና»፣ «ገና»፣ «ሰፊ»። ከሁሉ የከፉት ግን «ይመታል»፣ «ይሰማል»፣ «ይበላል» የሚመስሉት ናቸው፤ ሲላሉ ሰውየው አድራጊ ነው፣ ሲጠብቁ ተደራጊ። ሥልጣንና ጉልበት ዋና ጉዳዩ በሆነ ልብ ወለድ ውስጥ ማን መቺ ማን ተመቺ እንደሆነ ከመለየት የበለጠ ምን ጥያቄ አለ?

ሁለቱም ንባብ የሚያስኬድ ሲሆን አትምረጡ። ይህንን የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት የሚተረጎሙበት የትርጓሜ ቤት ሊቃውንት አስተካክለውልን አልፈዋል። ጉባኤው ላይ አንዱ ንባቡን ያሰማል፣ መምህሩ ይተረጉማል፤ አንድ ቃል ሁለትና ሦስት መንገድ ሲኖረው «አንድም» እየተባለ ይዘረዘራል እንጂ አንዱ ተመርጦ ሌላው አይጣልም። የግእዝ ንባብ በሚማሩበት ንባብ ቤትም የቃሉ አነባበብ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እየተባለ ልጁ ቃሉን በድምፁ እንዲለይ የሚደረገው ድምፅ ከትርጉም ስለማይነጠል ነው። ለልብ ወለድ ቡድንም ያው ይሠራል፤ የቡድኑን ማስታወሻ የሚጽፈው ደብተር ያዥ «አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ» ብሎ ሁለቱንም ይጻፍ። ከስድስት ሳምንት በኋላ አንደኛው ራሱ ይወድቃል፣ ወይም ሁለቱም ቆመው ይቀራሉ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ በልብ ወለድ ውስጥ መምህር የለም፣ የሚፈርደው ገጹ ነው።

ጊዜውን የሚያስተዳድርላችሁ ቡና ነው። ቆልቶ ወቅጦ መጨረስ ከ9 ሰዓት በፊት ይሁን፤ ሙቀጫ ሲወቀጥ አይነበብም፣ ጭሱም መነጽር ላለው ሰው ፈተና ነው። ጀበናው ተጥዶ ሰው ሲገባ ይደርሳል። አቦል ላይ አንድ ሰው ያለፈውን በአምስት ደቂቃ ያስታውሳል፣ ቃል ፈላጊው የሳምንቱን ከባድ ቃላት ይናገራል። ሲኒው ተሰብስቦ ጀበናው እንደገና ሲጣድ የ21 ደቂቃው ንባብ ይጀመራል፤ በዚህ ሰዓት ስልክ ጠረጴዛ ላይ በአፉ ይደፋል፣ የሚቀዳም የሚያድልም የለም። ቶና ሲቀዳ ንባቡ አልቋል፤ ከቶና እስከ በረካ ያለው ሙሉ በሙሉ የክርክር ጊዜ ነው። ቆሎውና ፈንዲሻው ከንባቡ በኋላ ይምጣ፤ ቆሎ ያለ ድምፅ አይበላም። የስኳሩንና የቡናውን ወጪ በየወሩ በእኩል አዋጡ፤ አስተናጋጁ ሁሉን ከቻለ በሁለተኛው ዙር ሰው ተራውን መሸሽ ይጀምራል። ቡና ማፍላቱም አንዲት ሴት ላይ አይውደቅ። ጀበና ሥር ተቀምጣ የምትውል ሰው ንባቡን በግማሽ ጆሮ ነው የምትሰማው፤ ያ ደግሞ አንድ አንባቢ ማጣት ነው።

ጮክ ብሎ የሚያነበው ማን ነው? በተራ ሁሉም። ብዙ ትልልቅ ሰው ከትምህርት ቤት ወዲህ ድምፅ አውጥቶ አማርኛ አላነበበም፤ እንግሊዝኛ የሚቀናቸው ልጆች ደግሞ ረጅም የአማርኛ ቃል ላይ ይንተባተባሉ። ሁለቱም ያፍራሉ፤ ያፈረ ሰው ይቀራል። ለዚህ ሁለት ሕግ ይበቃል። አንደኛ፣ አንባቢው ገጹን ከሁለት ቀን በፊት አውቆ ይለማመድ፤ ማንም ሳያየው የመጣ ገጽ እንዲያነብ አይገደድ። ሁለተኛ፣ የሚያርመው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ በቀኙ የተቀመጠው። ሌላው ሁሉ ያስተዋለውን በእርሳስ ምልክት አድርጎ እስከ ቶና ይጠብቅ። ስምንት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያርም አንባቢው ይሰበራል።

አሁን ስለ ራሱ ዓረፍተ ነገሩ። የቀድሞ ዘመን ስድ ንባብ አምስትና ስድስት መስመር የሚሄድ ዓረፍተ ነገር ይወዳል። አንባቢው መሀል ላይ ይጠፋና ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ እንደገና ይጠፋል። መፍትሔው ወደኋላ ማንበብ ነው። መጀመሪያ አራት ነጥቡን ፈልጉ፣ ከሱ ፊት ያለውን ማሰሪያ አንቀጽ ያዙ፣ ከዚያ «ማን?» ብላችሁ ጠይቁ። ምሳሌ ላቅርብ፦ «ከአባቱ የወረሰውን፣ አጎቱ በጉልበት ይዞት የቆየውን፣ ዳኛ ፊት ቀርቦ ያስመለሰውን መሬት ለልጁ አወረሰ።» ማሰሪያው «አወረሰ» ነው። ስሙ የተጠራ ባለቤት የለም። በመሀል ብቅ ያለው አጎት የአንዲት ሐረግ ባለቤት ብቻ ነው፤ ይዞ የቆየው እሱ ነው። የወረሰውም፣ ያስመለሰውም፣ ያወረሰውም ምናልባት ከሁለት ገጽ በፊት የተጠራ ሰው ነው። ቸኩሎ ያነበበ አጎቱን ለልጁ መሬት ያወረሰ ደግ ሰው ያደርገዋል፤ ሳምንቱን ሙሉም በተሳሳተ ሰው ላይ ይከራከራል። ቦዝ አንቀጾችም እንዲሁ ናቸው፤ «ሄዶ፣ አይቶ፣ ተቆጥቶ፣ ተመልሶ» ተከታትለው ሲመጡ ባለቤታቸው አንድ መሆኑን እያረጋገጡ መሄድ ነው። በሳምንት አንድ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር መርጦ በወረቀት ላይ መፍታት ይበቃል። ከሁለት ወር በኋላ ዓይን ራሱ ማሰሪያውን መፈለግ ይለምዳል።

ቃል ፈላጊው የሚይዘው መዝገበ ቃላት የትኛው ነው? አንድ ብቻ አይበቃም። የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ለአሮጌው አማርኛ ወደር የለውም። የቤተ ክህነት ቃል ሲበዛ የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት ያስፈልጋል፤ እሱ በ«ሀለሐመ» ሳይሆን በ«አበገደ» ተራ ስለተደረደረ ጀማሪ ቃሉን አጥቶ መጽሐፉን ይዘጋል። የአበገደን ተራ በወረቀት ጽፋችሁ ሽፋኑ ውስጥ ለጥፉ። ቃል የሚጠፋበት ሌላው ምክንያት ሥሩ ሳይታወቅ ስለሚፈለግ ነው። «የሚያስገብሩት» የሚለውን «የ» ላይ የሚፈልግ አያገኘውም፤ ከፊቱ «የሚያስ»ን፣ ከኋላው «ት»ን አውልቆ፣ «ገብሩ»ን ወደ «ገበረ» መልሶ «ገ» ላይ ይሂድ። በ«ሰ» ካልተገኘ በ«ሠ»፣ በ«ሀ» ካልተገኘ በ«ሐ» እና በ«ኀ»፣ በ«ጸ» ካልተገኘ በ«ፀ» ይሞከር። ልዩነቱ ጨዋታ አይደለም፤ በጥንቱ አጻጻፍ «ሰረቀ» ሌባ ነው፣ «ሠረቀ» ፀሐይ ናት። በሳምንት ከአሥር ቃል በላይ አትፈልጉ። ከዚያ ሲበልጥ ስብሰባው የቃላት ትምህርት ይሆናል፣ ታሪኩም ይረሳል።

አንዳንዱ ቃል ደግሞ መዝገበ ቃላት ውስጥ ቢገኝም አይገባም። «ርስት» እና «ጉልት» ዋነኞቹ ናቸው። ርስት በዘር የሚወረድ የመሬት መብት ነው፤ ጉልት ከዚያ መሬት ላይ ግብር የመብላት ሥልጣን ነው። አንድ መሬት ላይ ባለርስቱና ባለጉልቱ ሁለት ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህ ካልታወቀ የገበሬውና የጌታው ጠብ ተራ የቁጣ ጠብ ይመስላል። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት የሆነው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተወለደ አንባቢ ይህንን በኑሮው አያውቀውም፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ወር አንድ ግማሽ ሰዓት ለሱ ብቻ መስጠት አይበዛም። «አንድ ጋሻ መሬት» ሲባልም ወደ 40 ሄክታር እንደሆነ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። የማዕረጉ ተራ ደግሞ ከላይ ወደታች ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ባላምባራስ ነው፤ በአንድ ወረቀት ተጽፎ መሀል ይቀመጥ። ማን ለማን ተነሥቶ ወንበር እንደሚለቅ ከዚያ ይታያል።

ደብተሩ ውስጥ ከሁሉ የሚጠቅመው ገጽ የሰዎቹ ነው። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ስሙን፣ ቅጽል ስሙን፣ ማዕረጉን፣ ዘመዶቹን ጻፉ፤ ከዚያ ብዙ ቡድን የሚዘለውን አንድ ዓምድ ጨምሩ፦ ማን «አንተ» ይለዋል፣ ማን «አንቱ» ይለዋል፣ ተራኪውስ «እሱ» ነው ወይስ «እሳቸው» የሚለው? አማርኛ ክብርንና ንቀትን ግሥ ውስጥ ቀብሮ ነው የሚሄድ። ለ100 ገጽ «እርስዎ» ሲባል የቆየ ሰው በቁጣ መሀል አንዴ «አንተ» ቢባል፣ ደራሲው «ግንኙነታቸው ፈረሰ» ብሎ መጻፍ አያስፈልገውም። ወንዱን «አንቺ» ማለት ስድብ የሚሆንበት ቦታ አለ፤ ሴቷን «አንተ» ማለት ፍቅር የሚሆንበትም አለ። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሳ ዳምጤ የተባለውን ሰው «ጉዱ ካሳ» የሚለው ማን እንደሆነ፣ በስሙ የሚጠራውስ ማን እንደሆነ እየመዘገባችሁ ሂዱ፤ ስለ ሰውየው ብቻ ሳይሆን ስለ ጠሪው ብዙ ትማራላችሁ። ይህ ዓምድ ሲነበብ እንጂ በኋላ አይሞላም፤ «ኋላ እናስታውሰዋለን» ያለ ቡድን አያስታውሰውም።

የሰፈሩን ሰው ተጠቀሙ። በከተማው ዳር ከየአገሩ የመጣ ሰው በአንድ ብሎክ ይኖራል። ልብ ወለዱ ጎጃም ውስጥ የሚካሄድ ከሆነ ጎጃም ያደጉ እማማ ወይም አባባ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብለው ይኖሩ ይሆናል፤ አፉን የፈታው በኦሮምኛ የሆነው ጎረቤት ደግሞ ሌላው «ያው የታወቀ ነው» ብሎ የሚያልፈውን ቃል ቆም ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለቱም ለቡድኑ ያስፈልጋሉ። ቅኔ ወይም ዜማ የተማሩ ሰው ከተገኙ ለአንድ ቀን ጋብዙ። ጥያቄ በጽሑፍ፣ ከስድስት ያልበለጠ፣ ከሦስት ቀን በፊት ይድረሳቸው። «የኔታ፣ ይህ ቅኔ ሰሙ ምንድን ነው፣ ወርቁስ?» ብሎ ገጹን ማሳየት መልስ ያመጣል፤ «ስለ ቅኔ ይንገሩን» ማለት ግን የሁለት ሰዓት ንግግር ያመጣል፣ የዚያን ቀን ንባብም ይበላል።

ይሉኝታ ሌላው ጠላት ነው። ትልቅ ሰው ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የተለየ ሐሳብ ቢኖረውም ይውጠዋል፤ ይህ ጨዋነት ነው፣ ግን ስምንት ሰው አንድ አስተያየት ይዞ ይበተናል። ስለዚህ ከቶና በኋላ የመጀመሪያው ቃል የታናሹ ይሁን፣ ከዚያ ወደ ላይ ይውጣ። ታላላቆቹ ምክንያቱ አስቀድሞ ከተነገራቸው ደስ ብሏቸው ይቀበሉታል፤ የመጨረሻው ቃል ለነሱ ቀርቷልና።

ክርክር ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ዛሬ ፖለቲካ ሲሮጥ ደግሞ ሰብሳቢው አንድ ቃል ይበቃዋል፦ «ገጹን።» ገጽ ሊጠቅስ ያልቻለ ሰው ነጥቡን ለበረካ ያቆያል። ማንም አይከለከልም፣ ማንም አይዋረድም። ስለ ባላባትና ስለ ገበሬ፣ ስለ ካህንና ስለ ጭቃ ሹም የሚያወራ ልብ ወለድ ዛሬን ማንሣቱ አይቀርም፤ ግን መጀመሪያ መጽሐፉ ያለውን ሰምቶ ነው።

ሳያነብ የመጣ ሰው ይምጣ። «አላነበብኩምና እቀራለሁ» የሚል ሰው ሁለት ሳምንት ከቀረ አይመለስም። ሰባቱ ገጽ ፊቱ ስለሚነበብ በሱ ላይ መናገር ይችላል፤ ስላልተነበበለት ግን ዝም ይበል። ቀድሞ የጨረሰውም እንዲሁ፤ የሚናገረው እስከዚያ ሳምንት ገጽ ድረስ ባለው ላይ ብቻ ነው። የታወቀ መጽሐፍ ሲሆን መጨረሻውን ሁሉም ስለሚያውቀው ይህ አያስጨንቅም፤ ጥያቄውም «ምን ሆነ?» መሆኑ ቀርቶ «እንዴት ተባለ?» ብቻ ይሆናል።

ከአሥራ ሁለተኛው እስከ አሥራ ሰባተኛው ሳምንት መድከም አለ። ታኅሣሥ ማለቂያና ጥር ነው፤ የተማሪ ፈተና፣ ገና፣ ጥምቀት፣ የሰርግ ድንኳን ይደራረባል፣ የድምፅ ማጉያው ሳሎን ድረስ ይገባል። ታሪኩም ብዙ ጊዜ እዚያ አካባቢ ይንቀራፈፋል። መጠባበቂያ ሳምንቶቹን እዚህ ተጠቀሙ። ንባቡን ግን ፈጽሞ አታቋርጡ፤ 22ቱን ገጽ ወደ 11 አውርዱ፣ ሰባቱን ወደ ሦስት። ለአንድ ወር ያረፈ ቡድን እንደገና ሲሰበሰብ የማንም ስም አይታወሰውም።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን የምታነቡ ከሆነ የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ ጥያቄ ይሆንባችኋል። ትረካው ድንቅ ነው፣ ይሰማም፤ ግን ምዕራፉን ራሳችሁ ካነበባችሁ በኋላ። ቀድሞ ከተሰማ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ የሱን ድምፅ ይዘው ይመጣሉ፣ የእናንተ አንባቢም ሳያውቅ እሱን ያስመስላል። በኋላ ሲሰማ ግን ጥሩ ፈተና ነው፤ እናንተ ያላላችሁትን እሱ አጥብቆ ከሆነ፣ ወይም እናንተ በቁጣ ያነበባችሁትን በሐዘን ከተረከው፣ ቆም ብላችሁ ገጹን እንደገና ክፈቱ።

መጽሐፉ ሲያልቅ አንድ እሑድ ጨምሩ። አዲስ ገጽ የለም፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ገጾች እንደገና ጮክ ተብለው ይነበቡ፣ ያኔ በጥቅምት ባነበበው ሰው ድምፅ። ደብተር ያዡ የጥቅምቱን «አንድም» ዝርዝር ከፍቶ ይቀመጥና የትኛው እንደወደቀ፣ የትኛው እንደቆመ በቀይ እስክሪብቶ ምልክት ያድርግ። ከዚያ ደብተሩ በስልክ ፎቶ ይነሣ፣ ለሁሉም ይላክ፣ ዋናው በሚቀጥለው ጥቅምት ሰብሳቢ ለሚሆነው ሰው ይሰጥ።